ላሟን ያየ ዓይን

ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ሥራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ደግሞ በስልኬ ቪዲዮ እየቀረጽኩ እለጥፋለሁ። ጉም ቀረጽኩ፣ ባጃጅ ቀረጽኩ፣ የገበያውን ግርግር ቀረጽኩ። ከዘመድ ወዳጅ በቀር ዞር ብሎ ያየልኝ የለም። እኔ ደግሞ ችላ ሲሉኝ አልወድም፤ እልኸኛ ሴት ነኝ።

ያሳደጉኝ አክስቴ የሚኖሩት ከዳባት ወጣ ብሎ ነው። ያለቻቸው አንዲት ላም ናት፤ ኑሯቸውም በቅቤዋ ነው። ያን ሰሞን ወልዳ ነበርና ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጠዋት ሲያልቡ እንደ ልጅነቴ ጥጃዋን ይዤላቸው ቆምኩ። ወተቱ አረፋው እየተኩረፈረፈ ማለቢያውን ሲሞላ አላስቻለኝም፤ በአንድ እጄ ገመዱን፣ በሌላው ስልኬን ይዤ ቀረጽኩት። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስለነበር አላዩኝም።

በእኛ አገር የምትታለብ ላም ለባዳ አትታይም። ወተቱ እንኳ ከበረት ወደ ቤት የሚገባው በነጠላ ተሸፍኖ ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ጎረቤት ድንገት ብቅ ሲል ሮጬ ማለቢያውን እየሸፈንኩ ያደግኩት እኔው ነኝ። ስልክን ግን ከሰው ዓይን አልቆጠርኩትም። ሞኝ!

ደባርቅ ተመልሼ ለጠፍኩት። ጉድ በሉ፣ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ። ግቷ እንዴት ያምራል የሚለው፣ ይሄን ሁሉ ወተት ብሎ የሚደነቀው፣ ኮሜንቱን አንብቤ መጨረስ አቃተኝ። ደስታ አሰከረኝና ለአክስቴ በጎረቤታቸው ስልክ ደወልኩ፤ ስንትና ስንት አገር ያለ ሰው ላማቸውን እንዳየ አፌን ሞልቼ ነገርኳቸው። ወሬዬን ሳልጨርስ ስልኩን ለጎረቤታቸው መለሱት። 

በሳምንቱ ላሟ ታመመች፣ ወተቷም ቆመ ተባልኩ። የእንስሳት ሐኪም ይዤ በረርኩ። የግት በሽታ ነው፣ ያመጣውም የበረቱ እርጥበት ነው፣ ትድናለች ብሎ መድኃኒት ሰጠ። አክስቴ መድኃኒቱን ተቀብለው መረቁት፤ የእርጥበቱን ነገር ግን ከምንም አልቆጠሩትም። እኔም ሐኪሙን እያመንኩት እንኳ ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን እፊታቸው አጠፋሁት።

«አሁን የለም፤ ጠፍቷል» አልኳቸው።

ስልኩን ትንሽ አዩት። «ያዩትስ ሰዎች፣ ልጄ?» አሉኝ።



ላሟ ሐኪሙ እንዳለው ዳነች። ከወር በኋላ ስሄድ አክስቴ እንደ ድሮው አገላብጠው ሳሙኝ፤ አብልተው አጠጥተው አሳደሩኝ። ጠዋት ማለቢያውን ይዘው ሲወጡ ተከተልኳቸው። ስልኬን ሆን ብዬ መደቡ ላይ ትቼው ነበር፤ ባዶ እጄን መሆኔንም እንዲያዩልኝ ፈለግኩ። እንደ ልማዴ ጥጃዋን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን ገመዱን ከምሰሶው ጋር አሰሩት። «ብርድ ነው፣ ቤት ግቢ» አሉኝና የበረቱን በር ከውስጥ ዘጉት።