ሃርቪ ቴንሃከን አለቃነቱን ያስረከበበት ዓመት

ሃርቪ ቴንሃከን የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አባቱም የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ካልደን በምትባለው ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ካሉት አሮጌ ቤቶች የሚበዙት ውኃ ያገኙት በአባቱ ወይም በእሱ እጅ ነው። ይሁንና ከተማው ውስጥ በሙያው የሚጠራው ሰው የለም፤ ሁሉም «አለቃ» ነው የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመት የበጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎቹ አለቃ ነበር።

እሳት ማጥፋት ካልደን ውስጥ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ አልነበረም። የመኖ ነጋዴው፣ መካኒኩ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሩ፣ ጥቂት ገበሬዎች፣ ሳይረኑ ሲጮህ የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ፤ እሳቱ ሲጠፋ ደግሞ ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። ድሮ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነበር የሚጠሩት። የድርቆሽ ጎተራ ይቃጠላል፤ በመኸር ጊዜ የበቆሎ ማጨጃ ይነድዳል፤ በበረዶው ወራት የአንዷ አሮጊት ጭስ ማውጫ ይያያዛል። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ከዚያ የከተማው ትንሽ ኮሌጅ ማደግ ጀመረ። መጀመሪያ የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ቀጥሎ ምህንድስና ጨመረ። በስተምሥራቅ የነበረው የቪሰር ቤተሰብ የበቆሎ ማሳ ተሸጠና ባለ ሦስት ፎቅ አፓርታማዎች በቀሉበት። የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ተዘግቶ ተማሪዎች ሻይ በበረዶ የሚጠጡበት ቤት ሆነ። ሁለተኛ የትራፊክ መብራት ሲተከል ሽማግሌዎቹ ለጥቂት ቀን ቀዩን እንዳላዩ እየሆኑ አለፉት። ሃርቪ በዕድገቱ ቅር አላለውም። አፓርታማ ማለት ለእሱ ቧንቧ ማለት ነው።

መከራው ጭስ ጠቋሚዎቹ ነበሩ። በየአፓርታማው ጣሪያ ላይ የተተከሉት እነዚያ ትንንሽ ነጭ ክቦች ምግብ ባረረ ቁጥር እሳት አጥፊውን ይጠራሉ። ካልደን ደግሞ ምግብ የማያሳርር ተማሪ አልመጣላትም። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእሳት አጥፊዎቹ ወገብ ላይ ያለው መጥሪያ መሣሪያ አንድ ላይ ይጮኻል፤ ስድስት ሰው ከየመቀመጫው ይነሣል። ፓስተሩ በሩ እስኪዘጋ ዝም ብሎ ይጠብቅና ካቆመበት ይቀጥላል።

አንድ እሑድ እንዲሁ ተጠርተው ሲደርሱ ተማሪዎቹ በካልሲ ደጅ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ፎጣ ያገለደመ አንድ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሃርቪ ቀረበ።

«ይቅርታ አለቃ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፈንዲሻ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከትቼ ሻወር ገባሁ።»

የመኖ ነጋዴው ዱዌን ፕራስ ከመኪናው እየወረደ ሰማው። ዱዌን የሃርቪ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ በአንድ ቀን ነበር እሳት አጥፊ ለመሆን የተመዘገቡት። አፉ ለአንድም ሰው አይመለስም።

«ስማ ልጄ፣ ከሁለት አንዱን ምረጥ» አለው። «ወይ ብላ፣ ወይ ታጠብ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ሃርቪም ሳቀ። ግን መካኒኩ ያን ወር ሥራውን ጥሎ በመሮጥ ብዛት ደንበኛ እያጣ መሆኑን ነግሮት ነበር። ሁለት ገበሬዎችም መምጣት ትተዋል።

ከንቲባዋ ጆሊን ራስክ ነገሩን ምክር ቤት አቀረበችው። ደመወዝ የሚከፈላቸው እሳት አጥፊዎች ይቀጠሩ አለች። ሃርቪ ተነሥቶ ተቃወመ።

«እኛ ይቺን ከተማ አንድ ሳንቲም ጠይቀን አናውቅም» አለ። «አባቶቻችን የጠበቋትን እኛ አቃተን እንበል?»

«ሃርቪ፣ አቃታችሁ ያለ የለም» አለች ጆሊን። «በዛባችሁ ነው ያልኩት።»

«ከበዛብን እንናገራለን» ብሎ ተቀመጠ። አዳራሹ አጨበጨበለት፤ ሐሳቡም ወደቀ። ቤት ሲገባ ሚስቱ ማርሊስ፣ «ደስ አለህ?» አለችው። የጥያቄዋ ቃና ስላልጣመው ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ ከምሥራቁ አፓርታማ ጥሪ መጣ። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ሊፍቱ ስለሚቆም እስከ ሦስተኛው ፎቅ በደረጃ መውጣት ግድ ነው፤ ያ ሁሉ ከባድ ልብስና የአየር ጠርሙስ ጀርባ ላይ ሆኖ። ሃርቪ ፊት፣ ዱዌን ኋላ ሆነው ወጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ዱዌን ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ቆይ፣ ትንሽ ልተንፍስ።»

«አርጅተሃል» አለው ሃርቪ ሳይዞር።

መልስ አልመጣም። ሃርቪን ያስደነገጠው ይህ ነው፤ ዱዌን በሕይወቱ ተተርቦ ዝም ብሎ አያውቅም። ዞር ሲል ጓደኛው ወደ ግድግዳው ዘምሞ ፊቱ አመድ መስሏል። ወለሉ ላይ በጀርባው አጋደመው፣ ልብሱን ከፈተ፣ ልቡ እንደማይመታ ሲያውቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መጫን ጀመረ። ከላይ የሚወርዱ ተማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ከመካከላቸው ፀጉሯ ገና ያልደረቀ ልጅ መጥታ ተንበረከከች።

«የነርስ ተማሪ ነኝ። ሲደክምዎት ይንገሩኝ፣ እቀይርዎታለሁ።»

«አልደከመኝም።»

«እየደከመዎት ነው፤ እጅዎ ላልቷል። ይልቀቁልኝ።»

ለቀቀላት። እየተፈራረቁ ያዙት፤ አምቡላንሱ ከጎረቤት ከተማ እስኪደርስ ድረስ የዱዌንን ደረት ያለ እጅ አልተዉትም። ስሟ አሊሳ እንደሆነ ሃርቪ የጠየቃት በኋላ፣ ዱዌን ከተወሰደ በኋላ ነው። እሷም ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው።

ሆስፒታል ውስጥ የዱዌንን ሚስት ቤቭን የመደብሩን ሽርጥ እንዳደረገች ተቀምጣ አገኛት። ሐኪሞቹ ይተርፋል ብለዋታል። ሃርቪ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ምን ነበር የሚቃጠለው?» አለችው።

«ዳቦ» አለ። «ቺዝ ያለበት ዳቦ።»

«ዳቦ» አለች ቤቭ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

በቀጣዩ የምክር ቤት ስብሰባ ሃርቪ ሳይጠራ ተነሣ። ንግግር አላዘጋጀም።

«ባለፈው እዚህ ቆሜ ያልኩትን ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለ። «ተሳስቼ ነበር። ሰው ቅጠሩ። እኔን ግን አትቅጠሩ፤ ለዚያ ዕድሜዬ አልፏል።»

ከኋላ ኦርቪል ማስ የሚባል ጡረታ የወጣ ገበሬ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ግብራችን የሚጨምረው እኮ በእነዚያ ልጆች ፈንዲሻ ነው! ምነው ሃርቪ፣ ኮሌጁ ገዛህ ወይስ ደከመህ?»

«ደከመኝ» አለ ሃርቪ።

ኦርቪል ተቀመጠ። ድምፅ ተሰጠ፤ በጠባብ ብልጫ አለፈ። ኮሌጁም ከወጪው ከፊሉን ለመቻል ተስማማ።

በየካቲት ትሪና ዴልጋዶ የምትባል ሴት ከትልቅ ከተማ መጥታ የእሳት አጥፊ ጣቢያውን በአለቃነት ተረከበች። ጠንካራ፣ ቀልድ የማታበዛ ሴት ናት። «አቶ ቴንሃከን፣ በተጠባባቂነት ቢቆዩልኝ ደስ ይለኛል» አለችው።

«ሃርቪ በይኝ» አላት። «አልቆይም። እኔ እዚህ ካለሁ ወንዶቹ አንቺ ስትናገሪ እኔን ነው የሚያዩት።»

ቁልፎቹን ሰጣት። የእሳት አጥፊ ልብሱን ከመስቀያው አወረደና ወደ መኪናው ፈጥኖ ሄደ።

ከተማው ውሳኔውን ወዲያው አልተቀበለለትም። ሃርቪ ቁርስ ቤት ሲገባ ኦርቪልና መሰሎቹ ወሬ ያቆማሉ። አንዳንዶቹ ቧንቧቸውን ለሌላ ሰው ማሠራት ጀመሩ። ሃርቪ አልተሟገተም፤ ከእነሱ ይልቅ የአፓርታማዎቹ ሥራ ስለበዛ ጊዜም አልነበረው። በመጋቢት በረዶው ሲቀልጥ የኦርቪል ምድር ቤት ውኃ ሞላውና ስልክ ደወለ።

«መምጣት ካልፈለግህ ይገባኛል» አለ ኦርቪል።

«የውኃ መሳቢያ ፓምፑን ከሶኬቱ ነቅለኸዋል?»

«አልነቀልኩትም።»

«እንዳትነካው፤ ኤሌክትሪክ ይይዝሃል። መጣሁ።» ቀኑን ሙሉ አብረው ውኃ ቀዱ። ስለ ምክር ቤቱ ያነሣ የለም።

ዱዌን ከብዙ ወራት በኋላ ወደ መደብሩ ተመለሰ፤ ክብደት አያነሣም፣ ተረቡ ግን ተመልሶለታል። አሊሳ ስትመረቅ ሃርቪና ዱዌን ከነሚስቶቻቸው ሄደው አጨበጨቡላት። ዱዌን የቤተሰቧ ወገን ይመስል ከሁሉም በላይ ጮኸ።

በሰኔ ማርሊስ ዕቃ ሸከፈች። አለቃ ከተማውን ጥሎ አይሄድም እየተባለ እነዚያን ሁሉ ዓመታት አብረው ከአውራጃው ርቀው አድረው አያውቁም ነበር። ሚኔሶታ ግዛት ውስጥ አንድ ሐይቅ ዳር የእንጨት ቤት ተከራየች። ሃርቪ የመጀመሪያውን ቀን በእንቅልፍ ጨረሰው። በሁለተኛው ቀን ጀልባ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ሳያጠምድ፣ ጭስ የሚፈልግ ይመስል የሐይቁን ዳር ዳር ሲያይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ማርሊስ ስትፈልገው የጎረቤቱ ቤት ኩሽና ውስጥ፣ የዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ እግሩ ብቻ ታየ።

«ሃርቪ! ዕረፍት ላይ ነን እኮ።»

«ያንጠባጥብ ነበር» አለ ከሥር። «ከበረንዳችን እየሰማሁት ዝም ልበል?»

ማርሊስና የቤቱ ባለቤት ተያይተው ሳቁ። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና መፍቻውን አቀበለችው።