እማማ አስቀድመው የቀመሱት

ታሃና መርካዚት ከሚሉት አውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ ፖሊሶች ከተቃውሞ ሰልፍ ላይ ሲወስዱኝ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ቤርሼባ ከተማ ፖሊስ ማቆያ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ሁለት የብረት አልጋና ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ነው። በዚያው ሰልፍ "ልጆቹን አትምቱ" ብለው መሃል በመግባታቸው ነው የታሰሩት። እኔም እማማ አልኳቸው። እቤታቸው የመጣሁ ይመስል ፈቀቅ ብለው አስቀመጡኝ።

በማግስቱ ድምፄ ጭራሽ ተዘጋ። ትኩሳትም ነበረኝ። የጨነቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ድንጋይ ወርውረሻል ተብያለሁና፣ በሚቀጥለው ቀን ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርቤ እንዳልወረወርኩ በራሴ አንደበት መናገር እፈልጋለሁ። ጠበቃው ዝም ብትዪ ይሻላል ብሎኛል። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም፣ እናቴን ጠይቁ።

የከሰዓት ሻይ ሲመጣ እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈራቸው፣ በረንዳቸው ላይ የሚያበቅሉት ዳማከሴ ተቋጥሮበታል። ጠውልጓል፤ ሽታው ግን አለ።

"በሽታውን አያጠፋልሽም ልጄ፤ ጉሮሮሽን ያላላልሻል። ትኩሳቱ ከባሰ ሐኪም እናስጠራለን" አሉኝ።

ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን ሻዬ ላይ ጠብ ሲያደርጉ ጠባቂዋ በሩን ከፈተች። ሐሺሽ ወይም መርዝ መስሏት መሰለኝ፣ ምን እንደሆነ በዕብራይስጥ ደጋግማ ጠየቀች። እማማ ዕብራይስጥ አይችሉም። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ድምፅ የለኝም። ጉድ እኮ ነው! ኩባያውን ልትወስድ እጇን ስትዘረጋ እማማ አልተቆጡም፣ አልለመኑም። ለእንግዳ መጠጥ ሲቀርብ እንደሚደረገው፣ ከሻዩ ጥቂት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ከዚያ ቀጥ ብለው ተቀመጡና ዓይኗን እያዩ ጠበቁ።

ጠባቂዋም ቆማ ጠበቀች። ምንም አልሆኑም። ሳቅ አመለጣት፣ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ፤ ለካ እሷንም ጉንፋን ይዟታል። ልትወጣ ስትል እማማ በእጃቸው ጠሯት። ከቀረችው ቅጠል ከፍለው አሹና፣ መጀመሪያ ራሳቸው አሽትተው ሰጧት። ተቀብላ፣ ሻዬንም ትታልኝ ወጣች። እንዴት እንደኮራሁባቸው!

ጠዋት ድምፄ ሻካራ ቢሆንም ወጣ። ዳኛዋ አልሰማሁሽም ብላ አስደገመችኝ። አልወረወርኩም አልኩ፣ ደገምኩትም።

አሁን ራሞት የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። ልጄን ሲያስለው ዳማከሴ ሻይ ላይ አደርግለታለሁ፣ መዳፌ ላይም ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ።

"ኢማ፣ እኔ አምንሻለሁ እኮ፤ ለምን ትቀምሻለሽ?" ይለኛል በዕብራይስጥ።

በር ለቆለፈችባቸው ሴት እንኳን፣ እንዳትፈራ ብለው አስቀድመው የቀመሱ እናት አውቃለሁ እለዋለሁ።