ጋሽ ምንተስኖት ባስ ያጠመዱ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ኦክላንድ በምሠራበት ሆስፒታል ጓሮ አንድ ጥበቃ የተገነጠለ የጫማ ሶሉን በላይተር እያቀለጠ ሲያጣብቅ ደረስኩ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ሳን ሆዜ የነበረው አፓርታማችን ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ ጋሽ ምንተስኖት የላስቲክ ዓሣቸውን ይጠግናሉ።

ጋሽ ምንተስኖት ከእኛ በታች ባለችው ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ብቻቸውን የሚኖሩ ታክሲ ነጂ ነበሩ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። የነበሯቸው አዲስ አበባ ያሉት፣ እንደ እናት ሆነው ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው እትዬ ዘነበች ብቻ ነበሩ፤ ጋሽ ምንተስኖት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይደውሉላቸዋል። እናቴ ቅዳሜን ደብል፣ ሁለት ፈረቃ፣ ስለምትሠራ እኔን የሚጠብቁኝ እሳቸው ነበሩ። አማርኛ እሰማለሁ፣ መልሴ ግን በእንግሊዝኛ ነው። እሳቸውም ለነገሩ ብዙ መልስ የሚፈልጉ ሰው አልነበሩም።

ዶክተራቸው ከመኪና ወንበር ተነሥተው አየር እንዲያገኙ ቢያዛቸው ዓሣ ማጥመድ ጀመሩ። ያውም ቀላሉን መች መረጡ! ባስ የሚባለውን ዓሣ በስዊምቤይት፣ ማለትም ከመዳፍ በሚረዝም፣ ጭራውን እያወዛወዘ በሚዋኝ የላስቲክ ዓሣ። «ትልቅ ዓሣ ለትንሽ ነገር ከቦታው አይነሣም» ይሉ ነበር። ካምቤል ኩሬ ዳር ሌሎቹ አጥማጆች ሣጥን ሙሉ ማጥመጃ ሲደረድሩ፣ የእሳቸው ሁለት ብቻ ነው። ዘንጉ ከፍሊ ማርኬት፣ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የተገዛ፣ እጀታው በኤሌክትሪክ ቴፕ የተጠቀለለ። ደህና ገንዘብ ያወጡት ለወፍራሙ ክር ብቻ ነበር፤ ክር ከተበጠሰ ዓሣውም ላስቲኩም ሄደ ማለት ነዋ። ላስቲኩ ሲቀደድ በላይተር ያጣብቁታል። ውኃ ሥር ግንድ ሲይዝባቸው ደግሞ ሲባጎ የታሰረበት አሮጌ የመኪና ካንዴላ በክሩ ላይ ያንሸራትታሉ፤ ካንዴላው ወርዶ መንጠቆውን ሲገጨው ይላቀቃል።

ይህ ሁሉ ብልሃት በሰባት ወር አንድ ዓሣ አላመጣም። እናቴ «ጋሼ፣ ዓሣ እኮ ሱቅ ይሸጣል» እያለች ስትቀልድባቸው፣ «ትዕግሥት ግን አይሸጥም» ብለው ይወርዳሉ።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ስልክ እንደያዘች ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጣለች። እትዬ ዘነበች አርፈዋል። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። እዚህ አገር ደግሞ በማለዳ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ብዙው ሰው ኦፍ የሚሆነው እሁድ ስለሆነ መርዶው ለእሁድ ተቀጠረ። ችግሩ የቅዳሜው ስልክ ነበር፤ ከደወሉ መርዶውን ከለቀስተኛ አፍ ይሰማሉ።

«ቅዳሜ በጠዋት ፊሺንግ ይውሰዱኝ በያቸው» አለችኝ እናቴ። «ስልካቸውን አንቺ ያዢው። አንዲት ቃል ከአፍሽ እንዳትወጣ፣ እሺ?»

«ኦኬ ማሚ» አልኩ።

ኩሬው ዳር ከዛፎቹ ጀርባ የፍሪዌዩ ድምፅ ይሰማል። ውኃ እንዳይነካው ብዬ የተቀበልኳቸው ስልክ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነው። ጋሽ ምንተስኖት እየወረወሩ ቀስ ብለው ይጎትታሉ። «ቀስ ነው» ይላሉ፣ «የታመመ ዓሣ መምሰል አለበት።» እኔ አይቻቸው የማላውቃቸው ሴትዮ ሞት ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል። ሰው አጠገቤ ቆሞ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ዘንጉ ጎበጠ። «ያዝኩት! ኧረ ያዝኩት!» እያሉ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገቡ። ጀርባው አረንጓዴ፣ ሆዱ ነጭ፣ ክንድ የሚያክል ባስ! ከታች ሁለት ጥርስ እንደሌላቸው ያወቅኩት ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ በፊት ሲስቁ አይቼ አላውቅማ።

«ፎቶ አንሺኝ! ቶሎ በይ፣ ልለቀው ነው!»

አነሣኋቸው። ዓሣውን ለቀው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ዘረጉልኝ።

«በይ ስልኩን አምጪ፣ ለእትዬ ልላክላት። ‹አንተ ዓሣ አትይዝም፣ ጉንፋን ነው የሚይዝህ› ስትለኝ ነበር።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሰጠኋቸው። ፎቶውን ልከው ቆመው ጠበቁ። ደወሉ፣ አይነሣም። ደገሙ። «ምን ሆና ነው?» ብለው ፊቴን አዩ።

«መብራት ጠፍቶ ይሆናል» አልኩ። በአማርኛ፣ ያውም ምላሴ ሳይያያዝ።

«እውነትሽን ነው፣ መብራት ነው» አሉና ስልኩን መለሱልኝ። እስከ ቤት ስለ ዓሣው እያወሩ ነዱ።

እሁድ ማለዳ ደረጃው በሰው ተሞላ። የጋሽ ምንተስኖትን ጩኸት ከላይ ሆኜ ሰማሁና ትራሱን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። ከሰዓት እናቴ እጄን ይዛ ስታስገባኝ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። እንዴት ሳትነግሪኝ ይሉኛል ብዬ እናቴ ጀርባ ተሸሸግኩ።

«ትናንት ታውቂ ነበር?»

«የስ።»

«ብቻሽን ይዘሽው ዋልሽ?»

ጋሽ ምንተስኖት ጠጋ ብለው ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «ከእንግዲህ ልጅን እንዲህ ያለ ነገር እንዳታሸክሚ» አሏት። እኔም ጎናቸው ተቀምጬ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ያልወጣልኝን ለቅሶ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ኩሬው ዳር አልሄዱም። ዓመት ሳይሞላ ሌላ ስቴት ገቡ፣ ወሬያቸውም ጠፋ። ዘንጋቸው የት እንደገባ አላውቅም። ለእኔ የቀረኝ አንድ ልማድ ነው። የእኛ ሰዎች ለመርዶ ሲሰበሰቡ፣ ትልልቆቹ ማን ይናገር እያሉ ሲመካከሩ፣ እኔ በዓይኔ ልጆቹን እፈልጋለሁ። ጥግ ይዞ ዝም ያለ ልጅ ካየሁ ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ።