ዜሮ የሰጠኋት ተማሪ የከሰሰችኝ ጊዜ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባሌ ጠቅላይ ግዛት በነበረበት በጃንሆይ ዘመን፣ ጎባ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አስተምሬያለሁ፤ ብዙም ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። በሕይወቴ የተከሰስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ክሱን የጻፈችውም የስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከሸዋ ተመድቤ የመጣሁ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ትዕግሥት የሚባል ነገር በአጠገቤ አላለፈም። የጎባ ብርድ ደግሞ ያለችኝንም ጨረሰብኝ።

ክፍሌ ውስጥ ሃምሳ አራት ልጆች ነበሩ። የፊት ወንበሮቹን የያዙት የጸሐፊዎችና የወታደሮች ልጆች ናቸው። አማርኛ የእናታቸው ቋንቋ ነው። ከኋላ የሚቀመጡት ከሲናና፣ ከዲንሾና ከጎሮ መጥተው ጎባ ዘመድ ቤት የሚኖሩ ናቸው። እነሱ ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው። እኔ ግን ለሁሉም አንድ ርዕስ ነበር የምሰጠው፤ «የክረምት ዕረፍቴን እንዴት አሳለፍኩ?»

የፊቶቹ አራት ገጽ ይጽፋሉ። የኋላዎቹ ርዕሱን አሳምረው ይገለብጡና ከሥሩ በማስመሪያ ያሰምሩበታል፤ በቃ። ከሁሉም የምታናድደኝ ዘይነባ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ይሆናል፤ ረጅም ናት፤ ሻሿን ሁልጊዜ እስከ ቅንድቧ ድረስ ታወርደዋለች። ሳስነሳት ትነሳለች፣ ስጠይቃት መሬት መሬት ታያለች። «አፍ የለሽም እንዴ?» ብዬ ጮኼባት አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ባዶ ወረቀት አስረከበችኝ፤ ሦስት ጊዜ ዜሮ ጻፍኩላት።

በትምህርት ቤታችን አማርኛ የወደቀ ክፍሉን ይደግማል። እየደገመ የወደቀ ይሰናበታል። ዘይነባ አምና ወድቃ ዘንድሮ እየደገመች ነው። ያ ዓመት የመጨረሻዋ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከፖስታ ቤት ስመለስ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አለፍኩ። እዚያ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ከእነሱ መካከል ጋሽ በላቸው የሚባሉ ጡረተኛ ወታደር አሉ፤ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ከጎናቸው በርጩማ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ሻሿን አይቼ ነው ያወቅኋት።

ፊቷ የቆሙ ሽማግሌ በኦሮምኛ ይናገራሉ። ዘይነባ እየተቀበለች ለጋሽ በላቸው በአማርኛ ትነግራቸዋለች። «እኔ የገብስ ማሳዬን አጥሬ ነበር» ትላለች። «ጎረቤቴ አጥሬን ከፍቶ ላሞቹን አስገባብኝ። ብጠይቀው ላሞቹ ራሳቸው ከፈቱት አለኝ። ስለዚህ ገብሴ እንዲተካልኝ፣ አጥሬም እንዲታጠርልኝ አቤት እላለሁ።» ቃል አይጠፋባትም፤ ነገሩን ከመጀመሪያው ይዛ እስከ መጨረሻው ታወርደዋለች።

ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ዘይነባ ቀና ስትል አየችኝና ድምጿ ጠፋ።

«ምነው ልጄ? ሽማግሌው እየጠበቁ እኮ ነው» አሉ ጋሽ በላቸው። ዞር ብለው አዩኝና «ተማሪዎ ናት? እሷ በሌለች ቀን ግማሹን ሰው ነገ ኑ እያልኩ ነው የምመልሰው» አሉኝ።

ቤቴ እስክደርስ በራሴ ስናደድ ሄድኩ። ስለ ራስሽ ተናገሪ ሲሏት ድዳ የምትሆን ልጅ፣ በሰው ቦታ ስትቆም ማን ይችላታል! ያን ዕለት ማታ ያንን የክረምት ርዕስ እርግፍ አድርጌ ተውኩት።

በማግስቱ ክፍሉን ፍርድ ቤት አደረግሁት። ክሱ ያው የሽማግሌው ነው፤ ላም ገብስ ውስጥ ገባች። ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አቅሙ ድርሻ ሰጠሁ። ብዙ መጻፍ የሚችሉት ዳኞችና ጠበቆች ሆኑ፤ ምክንያታቸውን ዘርዝረው ሁለት ገጽ ይጽፋሉ። ከአምስት ዓረፍተ ነገር በላይ የማይሄዱት ምስክሮች ሆኑ። «ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ ያላያችሁትን የጻፈ ሐሰተኛ ምስክር ነው» አልኳቸው። ድርሰት ጽፈው የማያውቁ ልጆች አምስቱን ጽፈው ስድስተኛ ጨመሩልኝ። አንድ የጸሐፊ ልጅ ነበር፤ ሁልጊዜ የሚያምር ባዶ ወሬ የሚጽፍ። እሱን ላሟን አደረግሁት። አኩርፎ ሲያበቃ የክፍሉን ሁሉ ሆድ በሳቅ ያቆሰለ ነገር ጻፈ። አባቱ ግን «ልጄን ላም አደረገችው» ብለው ለዲሬክተሩ ቅሬታ አቀረቡ።

ዘይነባን ከሳሽ አደረግኋት። «ከላሟ የተሻለ የራሱ ክስ ያለው ሰው የፈለገውን ይክሰስ» አልኩ ለሁሉም። «ብቻ እውነተኛ ማመልከቻ ይምሰል፤ ለማን እንደሆነ፣ ከሳሹ ማን፣ ተከሳሹ ማን፣ ቀን፣ ሁሉም ይኑርበት።»

የማስረከቢያው ቀን ሁሉም ሲሰጥ ዘይነባ ባዶ እጇን መጣች። «ጠፋብኝ» አለች በሹክሹክታ። ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ የለፋሁት ለእሷ ብዬ ነው! አራተኛውን ዜሮ ጻፍኩላት።

ሳምንት ሳይሞላ ዲሬክተሩ ቢሮ ተጠራሁ። ስገባ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡ ተቆጣጣሪ ተቀምጠዋል። ግራጫ ኮት ለብሰዋል፤ ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል የለም። እጃቸው ላይ ባለው ወረቀት ከታች ሰማያዊ የጣት አሻራ አለበት።

«ወይዘሪት አስካለ፣ ተከሰዋል» አሉና ያነቡልኝ ጀመር።

«እኔ ከሳሽ አማን የሲናና ገበሬ ነኝ። ልጄ ዘይነባ ጎባ ትማራለች። መምህርቷ ክረምቱን እንዴት አሳለፍሽ ብላ ትጠይቃታለች። ልጄ ክረምቱን ያሳለፈችው አረም ስትነቅል ነው። የፊት ወንበር ልጆች አዲስ አበባ ሄደው ያዩትን ሲያነቡ ሰምታ አረም ድርሰት አይሆንም ብላ ዝም አለች። መምህርቷም ዜሮ ሰጠቻት። ልጄ ዘንድሮ ከወደቀች ከትምህርት ቤት ትወጣለች። ስለዚህ የምታውቀውን እንድትጠየቅልኝ አቤት እላለሁ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ቀጥሎ ነገሩ ገባኝ። «ጌታዬ፣ ይህ ክስ አይደለም» አልኩ። «እኔ የሰጠሁት የክፍል ሥራ ነው። የጻፈችው ተማሪዋ ናት።»

ተቆጣጣሪው ዲሬክተሩን አዩ። ዲሬክተሩ የውጤት መዝገቤን ከመደርደሪያው አውርደው ገለጡላቸው። በዘይነባ ስም ፊት በራሴ ቀይ ቀለም አራት ዜሮዎች ተሰልፈዋል።

«ይህን የመሰለ ማመልከቻ የጻፈችው ይህች ናት?» አሉኝ።

የገዛ መዝገቤ ውሸታም አደረገኝ።

ዘይነባና አባቷ ተጠሩ። ዕለቱ ገበያ ስለነበረ ኦቦ አማን ከተማ ነበሩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው በሩ ሥር ቆሙና በኦሮምኛ ተናገሩ። የሚያስተረጉም ሌላ ሰው አልነበረምና ያቺው ዘይነባ አስተረጎመች። «እኔ መምህርቷን አልከሰስኩም። አላውቃትምም። ጋሽ በላቸው ጣትህን አምጣ አለኝ፤ ሰጠሁት። የመንግሥት ወረቀት ላይ ጣትህን አምጣ ሲሉኝ ሁልጊዜ እሰጣለሁ።» ይህን ብላ አንገቷን ደፋች።

በኋላ እንዳወቅሁት ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ዘይነባ ማመልከቻው በደንቡ መጻፉን ጋሽ በላቸው እንዲያዩላት ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው። ወዲያው ለሌላ ባለጉዳይ ልታስተረጉም ተጠራች። ጋሽ በላቸው ወረቀቱን አነበቡ፤ ፊርማ የሚጎድለው የተሟላ አቤቱታ ነው። ከሳሹ ደግሞ ገበያ መጥተው እዚያው ፊታቸው ቆመዋል። አሻራ አስደርገው ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰደዱት። ማን በእሳቸው ይፈርዳል? እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ወረቀት ሁሉ የእውነት ነው።

ተቆጣጣሪው ግን አላመኑም። «ወይ ጸሐፊው ጽፎታል፣ ወይ አንቺ የተማረ ሰው አስጽፈሻል» አሉ ዘይነባን። «በአባትሽ ስም የሐሰት ክስ አቅርበሽ ከሆነ የዓመቱን መጨረሻ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዛሬ ትሰናበቻለሽ።»

ዘይነባ እንደ ልማዷ መሬት መሬት ታያለች። ዝም ብትል እንደምትባረር፣ ዝም እንደምትልም አውቃለሁ።

«ጌታዬ፣ እዚሁ ትጻፍልዎ» አልኩ። «ግን ስለ ራስሽ አይበሏት። የሰው ድርሻ ይስጧት።»

«የማንን?»

አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ። «የእኔን! ለክሱ መልስ ትስጥ። ተከሳሿን ትሁን።»

ተቆጣጣሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ወረቀትና ብዕር ሰጧት። ዘይነባ የዲሬክተሩ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝና መጻፍ ጀመረች። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባት። ኦቦ አማን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዱዓ ያደርጋሉ። እኔም በልቤ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ እየጠራሁ ነበር።

ስትጨርስ ተቆጣጣሪው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«እኔ ተከሳሽ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ክሱን አምናለሁ። ጥፋቴ ግን ከክፋት አይደለም። ሃምሳ አራት ደብተር አርማለሁ፤ ይደክመኛል። ዝም ያለ ሰው የማያውቅ ይመስለኝ ነበር። እኔ ራሴ ቅቤ ልገዛ ገበያ ስወጣ ሴቶቹ በኦሮምኛ ያናግሩኛል፤ ዝም እላለሁ። በጣቴ አሳያቸዋለሁ። እነሱ ግን ዜሮ አይሰጡኝም፤ ቅቤውን ይሰጡኛል። ስለዚህ ምሕረት እንዲደረግልኝ፣ እኔም ለልጅቱ እንዳደርግላት አቤት እላለሁ።»

ፊቴ ጋለ። ገበያ ውስጥ በጣቴ ስጠቁም ቆማ አይታኛለች ማለት ነው። ማልቀስ አልፈልግም ነበር፤ አለቀስኩ።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት። «ይረሙት» አሉኝ። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ዘጠኝ ከዐሥር ሰጠኋት። ዐሥር ይገባት ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ እልህ ያዘኝ። እሳቸው ከሳሽም ተከሳሽም አንድ ሰው የሆነበት ክስ አይተው እንደማያውቁ ተናግረው መዝገቡን ዘጉት፤ ኮታቸውን ቆልፈው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በክፍሌ የድርሻ ድርሰት የዘወትር ሥራ ሆነ። የኋላ ወንበር ልጆች ነጋዴ፣ ሹፌር፣ ሐኪም፣ ሙሽራ እየሆኑ ጻፉ። ዘይነባም እኔን ማስተማር ያዘች። ክፍል ውስጥ ከአማርኛ ሌላ መናገር ስለማይፈቀድ በዕረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የጥድ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። «እትዬ፣ ዛሬ እርስዎ ቅቤ ሻጭ ነዎት» ትለኛለች። እንደ ምንም በኦሮምኛ እሸጣለሁ። ልጆቹ ይንከባለላሉ። የመጀመሪያ ቀን ሦስት ከዐሥር ሰጠችኝ፤ አላዳላችልኝም።

ሰኔ ላይ ውጤት በወላጆች ፊት ተነበበ። ኦቦ አማን ከሲናና መጥተው ከሰው ኋላ ቆመዋል። ስሟ እስኪጠራ መጠበቅ አቃተኝ። በሰው መካከል ሰንጥቄ ሄድኩና ለሳምንት የተለማመድኩትን በኦሮምኛ ነገርኳቸው፤ «ዘይነባ ደርቢቴቲ!» አልፋለች ማለቴ ነው። ዲሬክተሩ ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ኦቦ አማን ሁለት እጄን ይዘው ብዙ ተናገሩ። አንዱንም አልያዝኩትም። ወደ ዘይነባ ዞርኩ።

«እኔ ደካማ ገበሬ ነኝ፤ ለልጄ ያደረግሽላትን አላህ ይክፈልሽ» ብላ የአባቷን ቃል አስተረጎመችልኝ። ከዚያ ሻሿን ከቅንድቧ ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። «እኔም በጣም ደስ ብሎኛል» አለች። «ይሄ የአባቴ አይደለም እትዬ፣ የራሴ ነው።»

በዓመቱ ከጎባ ተዛወርኩ። ዘይነባን ደግሜ አላየኋትም፤ ስምንተኛ ክፍልን ማለፏን ግን ሰምቻለሁ። ዛሬ ይህን ስጽፍ ስለነዚያ አራት ዜሮዎች አሁንም አፍራለሁ። ተከስሼ ባላውቅ ኖሮ ስንት ልጅ በዝምታው እጥል እንደነበር ሳስብ ደግሞ ያቺን ልጅ አመሰግናታለሁ።