ሰላምታ የማይመለስበት ሰፈር

ኦዲል በምትሠራበት የኒው ኦርሊንስ ምግብ ቤት ሁሌ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ። ስማቸውን ጠይቃ አታውቅም። የገለባ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀምጡና ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ይቀመጣሉ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ማንኪያቸው አየር ላይ ይቀራል።

እንግዳ ካዩ ግን ምክራቸው አያልቅም። ዛሬም አንድ ጎብኚ ያዙ።

«ልጄ፣ የሽሪምፕ ሳንድዊች ከፈለግህ እዚሁ ብላ። ማታ ሙዚቃ ካማረህ ወንዙ ዳር ሂድ፤ ብቻህን ግን እንዳትሆን። በየደጃፉ የተቀመጠውን ሁሉ ሰላም በል። ሰላምታህን ካልመለሱልህ፣ አንተ ተመለስ!»

ጎብኚው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ተነሡ። «እናትዬ፣ ያንን የባቡር ሐዲድ እስክሻገር በሩ ላይ ቁሚልኝ» አሏት ኦዲልን፣ እንደ ወትሮው። እሷም ደንበኞቿን ትታ ቆመች። ቁልፋቸውን እንደ ጩቤ በጣቶቻቸው መሃል ሰክተው ወጡ።

ከሐዲዱ ማዶ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አነሡ።

«እንደምን ዋላችሁ?»

በየደጃፉ ከተቀመጡት ጎረምሶች አንድም አልመለሰላቸውም።

ሽማግሌው ግን አልተመለሱም። ቤታቸው እዚያው ነው።