የደሟ ብርሃን

የጀነሬተር ጭስ በሸተተኝ ቁጥር የወገዳ ከተማ ፊቴ ድቅን ትላለች። ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሁሉ በወባ ሲወድቅ፣ ከአንድ ዶክተር ጋር ወደዚያች ከተማ ተልኬ ገበያው ዳር ድንኳን ተከልን።

ድንኳኑ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ በቀትርም ጨለማ ነበር። ደሙን መስታወት ላይ አስጥቼ ብርቱካናማ ቀለም አፈስበታለሁ፤ ቀለሙ ከወባዋ ተውሳክ ዲኤንኤ ጋር ይጣበቅና በጀነሬተር የሚሠራው የማይክሮስኮፕ መብራት ሲያርፍበት ያበራል። የወባዋ ተውሳክ ዙሪያዋን ቀይ ለብሳ፣ መሀሏ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ትታያለች።

"ቶሎ አንብቢና ጥሪኝ፤ መብራት ላይ ከቆየ ይደበዝዛል" ይለኝ ነበር ዶክተሩ። የወባው ክኒን ጥቂት ስለነበር፣ ተውሳኳን በዓይኑ ካላየ ለማንም አይሰጥም።

አንድ ቅዳሜ አንድ ሙስሊም የጨው ነጋዴ፣ ሴት ልጃቸውን በበቅሎ ይዘው መጡ። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ትኩሳቱ ለቀቅ አድርጓት ስለነበር ወሬ አማራት። ደሟ ውስጥ አራት ነጥብ አገኘሁ።

"ምንድን ነው የምታይው?" አለችኝ።

ልጅነት ነው፤ ዶክተሩን መጥራቱን ትቼ አሳየኋት።

"የኔ ደም ነው እንዴ? የአተር እሸት መሰለ!" ብላ ሳቀች። "አባባ፣ ኑ እዩት!"

አባቷ አዩ። ውጭ የሚጠብቁትም እየገቡ አዩ። ተአምር የሠራሁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ዶክተሩ ሲመጣ ነጥቦቹ ደብዝዘው የቀረው ጨለማ ብቻ ነበር።

"የታለ?"

"ነበረ፤ አይቻለሁ።"

"እኔ አላየሁም። ሌላ በሽታ ይሆናል።"

ሌላ ደም ልውሰድ ማለት ነበረብኝ። ለምን ደበዘዘ ብሎ እንዳይጠይቀኝ ፈርቼ ተውኩት። የራስ ምታት መድኃኒት ተሰጥቷት ሄደች።

በአራተኛው ቀን ራሷን ስታ ሞተች።

ከሳምንት በኋላ አባቷ ወደ ድንኳኑ መጡ።

"ልጄ፣ ላመሰግንሽ ነው የመጣሁ" አሉኝ። "ያን ዕለት እስከ ቤት ድረስ ያየችውን እያወራች፣ እየሳቀች ነው የገባችው። ከዚያ ወዲያ ስትስቅ አላየኋት። አላህ ይስጥሽ።"

እውነቱ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። "አሜን" አልኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ሲመርቁኝ፣ ጎንበስ ብዬ ምርቃቱን ተቀበልኩ።