ክብሪት ልጇን ልታመጣ የሄደች ቀን

«ክብሪት» የሚለውን ስም ያወጡላት የስፌት ቤቴ ልጆች ናቸው። ስሙ ልክክ ብሎላታል፤ እሷም ትስቅበታለች። በደህናው ቀን ማለቴ ነው። በክፉው ቀንማ ማን ይስቃል!

የተማሪ ደንብ ልብስ እንሰፋለን። አምስት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ እጀታው የላላ አንድ ካውያ አለን። ኮሌታ ላይ እንደ ክብሪት ያለ እጅ አላየሁም። የኮሌታን ጫፍ ገልብጦ ማውጣት ለብዙ ሰፊ ፈተና ነው፤ አንዱ ጎን ይሾላል፣ ሌላው ይዶለዱማል። የሷ ሁለቱም ጎን እኩል ነው።

ጠባይዋን ግን ተዉኝ! ጠዋት «እትዬ፣ እንዳንቺ ያለ ሰው በዓለም የለም» ብላ አንገቴ ላይ ትጠመጠማለች። ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ያለችውን ሰፊ «ጎበዝ» ካልኩ ፊቷ ይጠቁራል። «ድሮም አትወጂኝም!» ብላ መቀሷን ወርውራ ትወጣለች። ሰው ሳይተዋት ቀድማ ትተዋለች። አንድ ጊዜ እህቴን ልጠይቅ ሦስት ቀን ብሄድ፣ ሥራ ለቅቄያለሁ ብላ ቁልፉን ጥላልኝ ሄደች። ስመለስ በሩ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ለቅቀሽ አልነበር እንዴ?» አልኳት።

«የት ልሂድ ታዲያ?» አለችኝ።

ሰው ሁሉ «ጠባይ ነው» ይላል። ጥጋብ ነው፣ በልጅነቷ ያልተቀጣች ናት፣ ይላል። ይህን አዘውትሮ የሚለው ታላቅ ወንድሟ ነው። የቀለም መሸጫ ሱቅ አለው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። እኔን እንዲህ ያለ ሰው ያስጨንቀኛል። አባታቸው ከሞተ ወዲህ የቤተሰቡ አዛዥ እሱ ነው፤ አብራው የምትኖረው እናቱ እንኳ እሱን አስቀድማ ነው የምትናገረው።

ከሁለት ዓመት በፊት ነገሩ ባሰ። ክብሪት የልብ ጓደኛዬ የምትላት ሴት ስልክ አላነሳችላትም። በቃ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ራሷን ልትጎዳ ሞክራ ሆስፒታል ገባች፤ እግዜር አተረፋት። ያኔ ወንድሟ የሰባት ዓመት ልጇን «እስኪሻልሽ» ብሎ ወደ ቤቱ ወሰዳት። ሚጣ ነው የምንላት። ደግ አደረገ አልኩ፤ ልጅቷ የሚያበላትና የሚያስተኛት ሰው ያስፈልጋት ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ ክብሪት አንዲት የአእምሮ ሐኪም አገኘች። ሐኪሟ በአንድ ቀን ስም አልለጠፈችባትም። ደጋግማ አነጋገረቻት፣ ልጅነቷን ጠየቀቻት፣ ስለ ሥራዋም ስለ ወዳጆቿም ሰማቻት። በመጨረሻ ክብሪት «ብቻዬን አልሰማም» ብላ እኔን ይዛ ገባች። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

«ዶክተር፣ ይሄ በሽታ ነው ጠባይ? ቁርጡን ይንገሩኝ» አልኩ።

«ጠባይማ ሁላችንም አለን» አለች። «እኔ ዕቃ ከቦታው ሲነሳ እነጫነጫለሁ፤ ባሌ ያማርራል። ይሄ በሽታ አይደለም። ግን የሰው አስተሳሰቡና አኳኋኑ ከወጣትነቱ ጀምሮ በቤትም በሥራም በፍቅርም ያው እየሆነ ሲያሰቃየው፣ ኑሮውን ሲያፈርስበት፣ ያኔ የስብዕና መታወክ እንለዋለን።»

ዓይነቱ ብዙ ነው አለችን፤ ሐኪሞች በሦስት ወገን ይመድቡታል። አንደኛው ወገን ሰው የማያምነው፣ ብቻውን መሆን የሚመርጠው፣ ነገረ ሥራው ለሌላው እንግዳ የሚሆነው ነው። ሁለተኛው ስሜቱ የሚያይልበት፣ ሲወድም ሲጠላም ልክ የሌለው ነው፤ ካልታየሁ የሚለውም፣ የሰው ጉዳት ግድ የማይሰጠውም እዚሁ ይገባል። ሦስተኛውን ፍርሃት ይገዛዋል፦ እንዳይነቀፍ ከሰው ይሸሻል፣ ወይም ሰው ሳያማክር እግሩን አያነሳም፣ ወይም ሁሉ ነገር ልክ ካልሆነ ዕረፍት የለውም። እሷ ስታስረዳ እኔ በልቤ ዘመዶቼን አንድ በአንድ እየመደብኩ ነበር። ፊቴ ላይ አይታው መሰለኝ፣ «ሰፈሩን በሙሉ እንዳያሳምሙብኝ አደራ» አለችኝ። ክብሪት ከት ብላ ሳቀች።

የክብሪት ከሁለተኛው ወገን ነው። ሥሩ «ይተዉኛል» የሚል ፍርሃት ነው።

«መድኃኒት አለው?» አልኩ።

«ለጭንቀቱና ለእንቅልፍ ማጣቱ ሊረዳ የሚችል አለ። ጠባይ የሚቀይር ክኒን ግን የለኝም። ዋናው ሕክምና ንግግርና ልምምድ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙዎች ግን ይሻላቸዋል።»

ክብሪት ጣቷን እየፈተለች፣ «ታዲያ ጥፋቱ የኔ አይደለም?» አለች።

«ሕመሙን አንቺ አላመጣሽውም። ልምምዱን ግን ካንቺ በቀር የሚሠራልሽ የለም።»

ሠራችው እኮ! በየሳምንቱ ከሐኪሟ ጋር ትቀመጣለች፤ ሌላ ቀን ደግሞ እንደሷ ካሉ ሰዎች ጋር ትሰበሰባለች። ልቧ ሲነድ መቀሱን አስቀምጣ ትወጣለች፣ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ትታጠባለች፣ ከዚያ ስሜቷን በስሙ ትጠራዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ሁሉ ባለበት «እትዬ፣ ቀንቻለሁ» ስትለኝ፣ «ውሃ ጠጪበት» አልኳት። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሐኪሟ ዕረፍት የወጣች ጊዜ «ተወችኝ» ብላ ሕክምናውን እርግፍ አድርጋ ትታ ነበር። ሐኪሟ ስትመለስ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ድሮ ቢሆን ለማንም አንገቷን አትደፋም ነበር።

ከዚያ ልጇን ጠየቀች። ወንድሟ «ሐኪሟ ጨርሳ ድናለች ትበለኝ» አለ። ሐኪሟ ስትሰማ፣ «ይሄ እንደ ወባ ደም ታይቶ ጠፋ የሚባል ነገር አይደለም» አለች። «ልጇን ማሳደግ ትችላለች ወይ ካለኝ ግን፣ እሷ ከፈቀደችልኝ፣ ይምጣና አዎ ልበለው።» ክብሪት ፈቀደች። እሱ አልመጣም። ሱቁን ለማን ጥዬ አለ። የሰው ልጅ ይዞ ሱቁን ለማን ጥዬ! ሚጣን በሳምንት አንድ ከሰዓት፣ እሱ ፊት ተቀምጣ እንድታያት ብቻ ነበር የሚፈቅድላት። እያለ እያለ እሱም ቀረ፤ አንዴ አሟታል፣ አንዴ እንግዳ አለብን።

ትምህርት ሊከፈት ሲል ክብሪት «ዛሬ ልጄን ይዤ ነው የምመለሰው» ብላ ተነሳች። እኔም ስፌት ቤቱን ዘግቼ ተከተልኳት። ለሽምግልና መስሏችሁ? ለጸብ ነው እንጂ!

ሳሎኑ የሚያብረቀርቅ ነው፤ ወንበሩ ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። ወንድሟ መሃል ተቀመጠ። እናታቸው በሩ አጠገብ፣ ሚጣ ከአያቷ ጉልበት ስር። ሰውየው በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ የእህቱን ጥፋት ከልጅነቷ ጀምሮ ዘረዘረ። የሰበረችውን ብርጭቆ፣ የለቀቀችውን ሥራ፣ ሆስፒታሉን ሳይቀር፣ ልጅቷ እየሰማች። እኔ ተንጨረጨርኩ። ክብሪት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችው። «እውነት ነው ጋሼ። ይሄም እውነት ነው» ትላለች።

«ዛሬ ረጋ ብላለች» አለ ፈገግ ብሎ። «ነገስ?»

ያኔ ሚጣ ከአያቷ ስር ሆና፣ «እማዬ፣ ለምንድን ነው የተውሽኝ?» አለች።

«ማነው ተወችሽ ያለሽ?» አለቻት ክብሪት።

«አጎቴ። እናትሽ ትታሻለች፣ አትጠብቂያት አለኝ።»

የክብሪት ፊት ነጣ። ሁለት ዓመት የደከመችበት ነገር ይኸው አሁን አለቀለት አልኩ በልቤ። ብድግ አለች። «ውሃ የት ነው?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ውሃው ሲፈስ ይሰማናል። ወጣች፤ ከአገጯ ውሃ ይንጠባጠባል። ድምፅዋ ግን ግድግዳውን ነቀነቀው።

«ልጄን ትታሻለች አልካት? እኔ በር በሩን ስመላለስ፣ አንተ እንግዳ አለብን እያልክ ስትመልሰኝ፣ ትታሻለች አልካት?»

ሰውየው ወደኛ ዞረ። «አያችሁ? አገረሸባት።»

«አላገረሸብኝም!» አለች። «ፊቴን ታጥቤ መጣሁ። ተንፍሼ መጣሁ። አሁንም ተቆጥቻለሁ። ሕመሜን ካንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ ጋሼ። እሱ ሲመጣ ሰው ሁሉ ጠላቴ ነው፣ እኔም የራሴ ጠላት ነኝ። አሁን ግን የተቆጣሁት አንተን ነው፣ ለዚህች አንዲት ነገር። ልጄን ሁለት ዓመት አብልተሃታል፣ አልብሰሃታል፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ውለታህን አልክድም። ትታሻለች ያልካትን ግን ይቅር አልልህም። እንኳን እኔ፣ ታሞ የማያውቅ ሰውም በዚህ ይቆጣል!»

አመስግናው እየተቆጣችው ነው። እኔ የማውቃት ክብሪት ሰውን ወይ ታመልካለች ወይ ትረግማለች፤ ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ይዛ ስትቆም የዚያን ቀን አየኋት። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ምን አስደበቀኝ።

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለ ወንድሟ።

«ልጅቷን ስጣት» አለች እናታቸው ከበሩ አጠገብ።

«እማዬ፣ አንቺ ይሄ ነገር አይገባሽም፤ እሷ እኮ…»

«እኔም ተቆጥቻለሁ» አለች አሮጊቷ እየተነሳች። «እኔንም ሐኪም ቤት ውሰደኛ!»

አያቲቱ መኝታ ቤት ገብታ የልጅቷን ልብስ በአንድ ቦርሳ ሞልታ ወጣች፤ ዚፑ እንኳ አልተዘጋም። ማንም አልከለከላትም።

መንገድ ላይ ቦርሳውን እኔ ያዝኩ። የክብሪት እርምጃ ሩጫ ነው። ሚጣ እየተንደረደረች ሽቅብ አየቻት።

«እማዬ፣ አሁንም ተቆጥተሻል?»

«አዎ።»

«በኔ?»

«ባንቺ አይደለም።»

«መቼ ነው የሚለቅሽ?»

ክብሪት ቆመች። ቆማም አሰበችበት፤ ልጅ ማታለል አልፈለገችም።

«እኔ እንጃ። ዛሬ ላይለቀኝ ይችላል» አለች። «ግን እየተቆጣሁም ራትሽን እሠራልሻለሁ። እየተቆጣሁም አስተኛሻለሁ። ጠዋት ስትነሺም አለሁ።»